ዳይኩ፦ ጃፓን ዓመቱን የምትሸኝበት ሲምፎኒ

ጃፓን ውስጥ ዲሴምበር ሲገባ የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ በየከተማው ይሰማል። ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች በወሩ ውስጥ ደጋግመው ያቀርቡታል፤ ትንንሽ ከተሞችም ነዋሪዎቻቸውን አሰባስበው ያዘምራሉ። ሕዝቡ በአጭሩ «ዳይኩ» (ዘጠነኛው) ይለዋል። ቪየና ውስጥ በ1824 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ይህ ሥራ ወደ ጃፓን የገባው በምርኮኞች እጅ ነው።

በ1914 ጃፓን በቻይና ጠረፍ የነበረውን የጀርመን ይዞታ፣ ቺንግዳዎን፣ ወግታ ያዘች። ከተማረኩት ጀርመኖች ወደ 1,000 የሚጠጉት በኋላ ሺኮኩ ደሴት ላይ ባንዶ በተባለ ካምፕ ተሰበሰቡ። የካምፑ አዛዥ ማትሱኤ ቶዮሂሳ የተወለደው በ1868ቱ የእርስ በርስ ጦርነት ከተሸነፈው ከአይዙ ወገን ነው። የተሸናፊን ኑሮ ከቤቱ ያውቀዋልና ምርኮኞቹን በክብር ያዘ። ጋዜጣ አሳተሙ፣ ዳቦ ጋገሩ፣ ድልድይ ሠሩ፣ ኦርኬስትራም አቋቋሙ። ጁን 1 ቀን 1918 በሄርማን ሃንዘን መሪነት ዘጠነኛውን ሲምፎኒ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። በካምፑ ሴት ስላልነበረ የሶፕራኖና የአልቶ ድምፆች ለወንዶች ተስተካከሉ። ካምፑ የነበረበት የናሩቶ ከተማ እስካሁን በየዓመቱ ጁን ላይ ሲምፎኒውን ያስዘምራል።

ጃፓናውያን ራሳቸው ሙሉውን ሥራ ያቀረቡት በ1924 በቶኪዮ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። የዓመት መጨረሻ ልማድ ሆኖ የተስፋፋው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ለዚህም በብዛት የሚነገረው ምክንያት ገንዘብ ነው። ችግር ላይ የነበሩ ሙዚቀኞች ለአዲስ ዓመት መዋያ የሚሆን ገቢ ይፈልጉ ነበር፤ መዘምራኑ ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ቤተሰብና ጎረቤት ትኬት ይገዛል፣ አዳራሹም ይሞላል። ይህ ልማዱን የሚያሳንሰው አይመስለኝም። የሙዚቀኞቹ ችግር ካለፈ በኋላም ሰዉ መምጣቱን አላቆመም።

ሥራው ለአማተር ዘማሪ ቀላል አይደለም። ሲምፎኒው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መዘምራኑ ግን ሦስቱ ክፍሎች እስኪያልቁ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በአራተኛው ክፍል ከኦርኬስትራው መግቢያ በኋላ ባሱ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ ዘማሪ፣ ብቻውን ይነሣል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ሶፕራኖዎቹ ከፍ ያለውን ድምፅ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይዘው የሚቆዩበት ቦታ አለ፤ ልምድ ያለውን ዘማሪ ሳይቀር ይፈትናል። በዚህ ላይ የሚዘመረው የጀርመናዊው ባለቅኔ የሺለር ግጥም በጀርመንኛ ነው። ቋንቋውን የማያውቁት ቃሉን በጃፓን ፊደል ጽፈው፣ ድምፁን እየደጋገሙ በቃል ያጠኑታል። የባንክ ሠራተኛ፣ የቤት እመቤት፣ ጡረተኛ ከሥራ በኋላ ለወራት ልምምድ ይመላለሳሉ። የዳይኩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አድማጭ የነበረው ሕዝብ ራሱ መድረክ ላይ ይወጣል።

ይህ ኦሳካ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ከ1983 ጀምሮ በከተማዋ ትልቅ አዳራሽ በየዲሴምበሩ 10,000 ያህል ሰዎች አንድ ላይ ይዘምሩታል።

በ1998 የናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ደግሞ ጃፓናዊው የኦርኬስትራ መሪ ሴይጂ ኦዛዋ ከናጋኖ ሆኖ ሲመራ፣ በቤጂንግ፣ በበርሊን፣ በኬፕታውን፣ በኒውዮርክና በሲድኒ የነበሩ መዘምራን በሳተላይት አብረው ዘመሩ። ድምፁ ከየአህጉሩ እኩል ስለማይደርስ ልዩነቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ተዘጋጅቶ ነበር።