የቶርኖ ሴሪያል ቁጥር ምንድን ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ያረጀ ብረት ሁሉ «የጣሊያን ጊዜ» ነው። ድልድዩም፣ በሩም፣ ወፍጮውም። በቀደም ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ያለበት ቤት ገብቼ ባለቤቱን «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን የመቼ ነው?» አልኳቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ «የጣሊያን ነዋ! እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። ማሽኑ ሊሸጥ ስለሆነ ደላላውም አጠገባችን ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

ሴሪያል ቁጥር ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ማሽን የሚመታለት የራሱ ቁጥር ነው። የመኪና ሻንሲ ቁጥር አስቡ። ሞተር ይቀየራል፣ ቀለም ይቀየራል፣ ሻንሲው ላይ የተመታው ግን ይቀራል። የቶርኖ ሻንሲ ቤዱ ነው፤ መቁረጫውን የተሸከመው ክፍል ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትበት ረጅሙ አካል። ቶርኖ ሠሪዎቹ የእንግሊዙ ኮልቼስተርና የአሜሪካው ሳውዝ ቤንድ ቁጥራቸውን የሚመቱት እዚሁ ቤድ ላይ፣ ከቻኩ (የሚቆረጠውን ብረት ይዞ ከሚያሽከረክረው) በተቃራኒ ባለው በቀኝ ጫፍ ነው። ቦታው የዘይትና የብረት ብናኝ መከማቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሲፈለግ ግራይንደር አይነሳ! የሽቦ ብሩሽም ይቆይ። ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሶ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያ ነጭ ጠመኔ መቀባትና መጥረግ። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀር ቁጥሩ ፏ ብሎ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አካሉ ላይ ከፍ ብሎ የወጣ ቁጥር አለ። እሱ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ ከቅርጹ ጋር አብሮ የወጣ የዕቃ ቁጥር ነው፤ አንድ ሺህ ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሴሪያሉ ወደ ውስጥ የተመታው ነው። ጣትዎን ቢያሳልፉበት ይለያል።

የጋሼ ማሽን ላይ ከቁጥሩ በፊት የተናገረችው ታርጋዋ፣ ማለት ፋብሪካው የለጠፋት ጽሑፍ ያለባት ቆርቆሮ ናት። ሦስት ዓይነት ቀለም ስንፍቅ 1ካ62 የሚል ወጣ፣ በሩሲያ ፊደል። ይህ ሞዴል መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ጣሊያን ደግሞ ከዚህ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ነገሩ አለቀ። ሞዴሉ ራሱ ይነበባል፦ 1 የቶርኖ ቤተሰብ መሆኑን፣ 6 ዓይነቱን፣ 2 መጠኑን ይነግራል። ቀጥሎ የመጣው 16ካ20 የ1970ዎቹ ነው። የአገር ስምም ያግዛል። «ሶቪየት» የሚል ከ1991 በኋላ የተሠራ አይሆንም፤ «ምሥራቅ ጀርመን» የሚል ከ1949 በፊትም ከ1990 በኋላም የለም። ባለ አምስት ማዕዘን የሶቪየት የጥራት ምልክት ካለ ደግሞ ከ1967 ወዲህ ነው ማለት ነው።

ታርጋው ላይ ዓመትም ነበር፦ 1968። የቤቱ ለማጅ ልጅ ዘሎ «አሃ፣ የደርግ ነው!» አለ። በእኛ አቆጣጠር አንብቦት ነው። ፋብሪካው የሚጽፈው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1960 ወይም 1961 መሆኑ ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። የሶቪየት ነገር ያኔም እንግዳ አልነበረም፤ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 በእነሱ ድጋፍ ነው። ማሽኑ መቼ ኮምቦልቻ እንደገባ ግን ታርጋው አይናገርም። የሚናገረው የተሠራበትን ብቻ ነው።

ታርጋ ቢጠፋስ? ታርጋ ይነቀላል፣ የሌላ ማሽንም ይለጠፋል። ያኔ ወደ ቤዱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ሲተያይ ነው ዓመት የሚሆነው። ከፋብሪካ ፋብሪካ አቆጣጠሩ ይለያያል፤ የእንግሊዙ ማይፎርድ ለምሳሌ ኤምኤል7 በሚባለው ማሽኑ ቁጥር ፊት «ኬ» ፊደል ያደርግ ነበር። ኤምኤል7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ስለሆነ ከዚያ በፊት ነው የሚላችሁ ሻጭ ይዋሻል፣ ወይም ተዋሽቶበታል።

ደላላው በዚህ መሃል ወደ ሞተሩ ሄዶ «ይኸው፣ ይሄኛው ታርጋ ሌላ አገር ይላል!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ሳቁ።

«አብሽር፣ ሞተሩን የቀየርኩት እኔው ነኝ» አሉት።