የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ምንድን ነው?

ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሲናገሩ የአንዱ ድምፅ ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን ሆኖ ይሰማናል። ፒች የሚባለው ይህ ነው። መነሻው የአየር ንዝረት ነው፤ ንዝረቱ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ጤናማ የወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ገደማ የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። ንዝረቱን ግን መሣሪያ ይለካዋል፤ ቅጥነቱን የሚሰማው አእምሮ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ነገር ይሰውራል።

ንዝረቱ የጆሮ ታምቡርንና ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችን አልፎ ኮክሊያ ይደርሳል። ኮክሊያ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ፣ ፈሳሽ የሞላው ቱቦ ነው፤ ቢዘረጋ ርዝመቱ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን መግቢያው ላይ ጠባብና ግትር ስለሆነ ቀጭን ድምፅ ይበልጥ የሚያርገበግበው እዚያ ነው፤ ወፍራሙ ደግሞ ሰፊና ልል በሆነው በወዲያኛው ጫፍ። የሃንጋሪ ተወላጁ ሳይንቲስት ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ ይህንን በሽፋኑ ላይ የሚሄድ ሞገድ ከአስከሬን በተወሰደ ኮክሊያ ላይ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ በ1961 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል።

ቦታው ብቻውን ግን አይበቃም። የመስማት ነርቮች ምልክት የሚልኩት የንዝረቱን ምት ጠብቀው ነው፤ ይህም በሰከንድ እስከ 4,000 ወይም 5,000 ንዝረት ድረስ ይሠራል። አእምሮ ቦታውንም ጊዜውንም ይጠቀማል፤ የትኛው እንደሚያመዝን ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው የስልክ ነገር ነው። መደበኛው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (በሰከንድ ያለ የንዝረት ብዛት) ያለውን ብቻ ያስተላልፋል። የብዙ ወንዶች ድምፅ መሠረት፣ ማለትም ዝቅተኛው ንዝረቱ፣ ግን 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ጭራሽ አይተላለፍም። ታዲያ ወፍራም ድምፅ በስልክ ለምን አይቀጥንም? 100 ኸርዝ ላይ የሚናገር ሰው 200፣ 300፣ 400፣ 500 እያለ የሚቀጥል ንዝረትም አብሮ ያወጣል። ስልኩ የታችኞቹን ቢቆርጥም የቀሩት ሲደመሩ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚደጋገም ሞገድ ይሠራሉ፤ አእምሮም የጎደለውን ከዚያ ያገኘዋል። ጆሮው ራሱ ዝቅተኛውን ንዝረት ፈጥሮት ይሆናል የሚል ግምት ነበር። እንዲያ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዝቅተኛ ንዝረት አካባቢ ያለ ጫጫታ ይሸፍነው ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊክላይደር በ1954 እ.ኤ.አ. ያን አካባቢ በጫጫታ ሸፍኖ ሲሞክር ግን፣ ወፍራሙ ድምፅ እንደ በፊቱ ተሰማ።

መስማት ለተሳናቸው በቀዶ ሕክምና የሚተከል የኮክሊያ መሣሪያም ድምፅን መስማትና ቅጥነቱን መለየት አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል። በሺህ ከሚቆጠሩት የመስሚያ ሴሎች ይልቅ የሚሠራው ቢበዛ በሁለት ደርዘን ገደማ ኤሌክትሮዶች ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ንግግርን በደንብ ሲከታተሉ፣ ዜማ መለየት ግን ያስቸግራቸዋል።