የቤት ልውውጥ ምንድን ነው? በቱሪስትነት ድንበር ሲሻገሩስ?

የቤት ልውውጥ ማለት ሁለት ቤተሰቦች በእረፍት ጊዜያቸው ቤት ተለዋውጠው፣ አንዱ በሌላው ቤት የሚያርፍበት ስምምነት ነው። ኪራይ የሚባል ነገር የለውም። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የአውሮፓ መምህራን ረጅሙን የእረፍት ጊዜያቸውን ያለ ሆቴል ወጪ ለማሳለፍ ሲሉ ኢንተርቫክ የተባለውን የቤት ልውውጥ ማኅበር መሠረቱ። በ1992 ደግሞ ሆምኤክስቼንጅ የተባለው የቤት ልውውጥ ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬ ሰዉ የሚገናኘው በኢንተርኔት ነው። አንዳንዱ በአንድ ጊዜ ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ ዘንድሮ አስተናግዶ በሌላ ጊዜ ይስተናገዳል፤ ሌላው ደግሞ ቤቱን ለእንግዳ ሰጥቶ ነጥብ ያጠራቅምና በነጥቡ ሦስተኛ ሰው ቤት ያርፋል።

ታዲያ በዚህ መንገድ የሚያርፍ ሰው ድንበር ላይ ምን ይባላል? ቱሪስት ነው። የሚሄደው ለጉብኝት እስከሆነ ድረስ ማደሪያው ሆቴል ሆነ የሰው ቤት፣ የጉዞውን ዓላማ አይለውጠውም። የተለየ «የልውውጥ ቪዛ» ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የኢሚግሬሽን መኮንኑ ማወቅ የሚፈልገው ለምን እንደመጡ፣ የት እንደሚያርፉ፣ በምን ገንዘብ እንደሚቆዩና መቼ እንደሚመለሱ ነው። ሆቴል የያዘ ሰው ማረፊያውን በአንድ ወረቀት ያሳያል። የእርስዎ መልስ ግን «በአካል አግኝቼው የማላውቅ ሰው ቤት፣ ሳልከፍል፣ ባለቤቱም በሌለበት» የሚል ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ መኮንን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የሚጠረጥረውም ሁለት ነገር ነው፦ ወይ ማደሪያው የሥራ ክፍያ ነው፣ ወይ ሰውየው ሊቀር ነው የመጣው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ከባድ ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን አሠራር ለጉልበት ወይም ለአገልግሎት የሚሰጥ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ክፍያ ነው፤ ምግብና ማደሪያም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዲት አውስትራሊያዊት ወደ ካናዳ ለመሄድ በሎስ አንጀለስ ስታልፍ ተይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ የሰው ድመት እየጠበቀች በነጻ ማረፏ ሥራ ተብሎ ተቆጠረባት። በ2025 ደግሞ አንዲት የዌልስ ወጣት ቤተሰቦችን በቤት ውስጥ ሥራ እያገዘች በየቤታቸው ስታርፍ ቆይታ ከአሜሪካ ወደ ካናዳ ልትሻገር ስትል ካናዳ መለሰቻት፤ ከዚያም አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ በማቆያ ከርማለች። ሁለቱም የቤት ልውውጥ አልነበሩም። መኮንኑ ግን ልዩነቱን እንዲያውቅ መጠበቅ የለብዎትም፤ ማስረዳት የእርስዎ ፋንታ ነው። በልውውጥ፣ ቤት የሚሰጠው በቤት ምትክ ነው፣ ለጉልበት አይደለም።

ስለዚህ ስምምነቱ ውስጥ ሥራ የሚመስል ነገር ባይገባ ይመረጣል። ጠንቃቃ ወደሆነ አገር ከሄዱ ድመቷ ለጎረቤት ትሰጥ፤ አትክልቱንም ሌላ ሰው ያጠጣ። ይህን ስል ደብቁት ማለቴ አይደለም፤ በእውነት እንዳይኖር አድርጉት ነው የምለው። «የቤት ጥበቃ» ወይም «እንክብካቤ» የሚል ቃል በደብዳቤ ልውውጣችሁ ውስጥ ካለ፣ ስልክዎ ቢፈተሽ የሚነበበው እሱ ነው።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ የሼንገን (እርስ በርስ የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች) የድንበር ደንብ መኮንኑ የማረፊያ ማስረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፤ ማስረጃው ግን የግድ የሆቴል አይደለም። የአስተናጋጅ ግብዣ ወይም ማረፊያውን የሚያሳይ ሌላ ተገቢ ሰነድም ይሠራል። ሁለታችሁ የፈረማችሁበት፣ ስም፣ አድራሻ፣ ቀንና «ክፍያ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት አንድ ገጽ ስምምነት ይያዙ። የባለቤቱን መታወቂያ ቅጂና በስሙ የመጣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል ቢያክሉበት ደግሞ የተሻለ ነው። ሁሉም ይታተም፤ ባትሪ ያለቀበት ስልክ ማስረጃ አይሆንም።

አንዳንድ አገሮች ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። ፈረንሳይ በግል ቤት ለሚያርፍ እንግዳ አስተናጋጁ ከማዘጋጃ ቤት የሚያወጣውን የአቀባበል ማረጋገጫ ትጠይቃለች። እሱን የያዘ ሰው በቀን 32.50 ዩሮ ማሳየት ይበቃዋል፤ ሆቴል የያዘ 65፣ ምንም ማረፊያ የሌለው ደግሞ 120 ዩሮ ይጠየቃል። ጣሊያን ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነን እንግዳ የሚያሳርፍ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ይህ የአስተናጋጁ ግዴታ ነው፤ አስተናጋጁ ግን ያን ጊዜ እርስዎ ቤት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዴት እንደሚያሳውቅ ከመነሳታችሁ በፊት ይነጋገሩበት።

በዚሁ ምክንያት ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። መኮንኑ ለባለቤቱ ልደውል ቢልስ? በአንድ ጊዜ የሚለዋወጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ይጓዛሉ። እርስዎ መስኮቱ ፊት ሲቆሙ ባለቤቱ አየር ላይ ነው፣ ስልኩም ዝግ ነው። እዚያው አገር ያለ፣ ነገሩን የሚያውቅና ቁልፉን የሚያስረክብ ሰው ስልክ ቁጥር መያዝ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። በነጥብ የሚያርፉ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ወደ እርስዎ ቤት ስለማይመጣ አገላለጹ ይከብዳል፤ «አባል በሆንኩበት የቤት ልውውጥ በኩል በነጻ ነው የማርፈው» ብለው የማረጋገጫውን ገጽ ያሳዩ።

ሁለተኛውን ጥርጣሬ፣ ሊቀር ነው የሚለውን፣ ማፍረስ ይቀላል። የመመለሻ ትኬትና የሥራ ቦታ የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ መቅረብ ነው። በሼንገን አካባቢ ደግሞ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም፤ ቤቱ በነጻ ተገኘ ተብሎ ቀን አይጨመርም።

ነገሩን ለማሳጠር የሚሰረዝ ሆቴል ይዘው እሱን የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የቤት ልውውጥ ሕጋዊ ነው፤ ሕጋዊ ነገርን በሐሰት መሸፈን ያልነበረ ጥፋት መፍጠር ነው። አሜሪካ ቪዛ ወይም መግቢያ ለማግኘት ሆን ብሎ ስለ ወሳኝ ጉዳይ የዋሸን ሰው ዕድሜ ልኩን ልታግደው ትችላለች። የመግቢያ ቅጹ ላይም አድራሻ ሲጠየቁ የሚያርፉበትን ቤት ትክክለኛ አድራሻ ይጻፉ።

መኪናም ተለዋውጣችሁ ከሆነና በእሱ ወደ ጎረቤት አገር መሻገር ካሰቡ፣ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የመኪናው ሊብሬና በዚያኛው አገር የሚሠራ ኢንሹራንስ አብረውዎት ይሁኑ። ኢንሹራንሱ እርስዎንም በሾፌርነት መሸፈኑን ባለቤቱ አስቀድሞ ድርጅቱን ይጠይቅ።