«ቡድኗን ከድታ ወጣች»፦ ስለ ክሎዊ አግነው የሚባለውና እውነታው

የሙዚቃ ቡድን አባል የሆነ ድምፃዊ ለብቻው መሥራት ሲጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከማን ጋር ተጣላ?» ብሎ ነው። አየርላንዳዊቷ ክሎዊ አግነውም ከዚህ ጥያቄ አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በ1989 ደብሊን ውስጥ ተወለደች፤ በ15 ዓመቷ ሴልቲክ ውመን የተባለው የሴቶች የሙዚቃ ቡድን መሥራች አባል ሆነች፤ በ2013 ደግሞ በግል ሥራዋ ላይ ለማተኮር ቡድኑን ተሰናበተች። ስለ እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የሚነገረው ብዙው ነገር እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ነው።

«ቡድኑ ነው ሰው ያደረጋት»

ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። እናቷ አዴል ኪንግ «ትዊንክ» በሚል የመድረክ ስም አየርላንድ ውስጥ በሰፊው የምትታወቅ ተዋናይትና ዘፋኝ ናት። አባቷ ዴቪድ አግነው ደግሞ ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ነው። ልጅቷ በ1998 ካይሮ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የልጆች የዘፈን ውድድር አገሯን ወክላ አሸንፋለች። የመጀመሪያ የግል አልበሟ በ2002 ሲወጣ ዕድሜዋ ከ13 አልዘለለም፤ ሁለተኛው በ2004 ታተመ። ሴልቲክ ውመን መድረክ ላይ የወጣው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ነው። ስለዚህ ቡድኑ ያገኛት ሁለት አልበም ያላት ድምፃዊት ሆና ነው።

ሌሎቹ አራት መሥራቾችም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ሊሳ ኬሊ ሪቨርዳንስ በተባለው የአየርላንድ የጭፈራና የሙዚቃ ትርኢት መድረክ ላይ ዘፍናለች፤ የግል አልበምም ነበራት። ሜቭና ኦርላ ፋሎን አኑና በተባለው የደብሊን መዘምራን ቡድን ውስጥ አልፈዋል፤ ሁለቱም በየግላቸው አሳትመዋል። አምስተኛዋ ማሬድ ነስቢት በቫዮሊኗ ስም ያወጣች ሙዚቀኛ ነበረች። ለብቻቸው መቆም የሚችሉ ሰዎች ናቸው የተሰባሰቡት።

«ለብቻዋ መዝፈን ከፈለገች ቡድን ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

ይህን የሚሉ ሰዎች ቡድን ሲባል የሚታያቸው አንዱ አውጪ፣ ሌላው ዘላለም ተቀባይ የሆነበት ነገር ነው። የሴልቲክ ውመን አሠራር እንዲህ አይደለም። አንዷ ወደፊት ወጥታ የራሷን ዘፈን ትዘፍናለች፤ ሌሎቹ ከመድረክ ይወርዳሉ ወይም በዝግታ ያጅቧታል፤ ከዚያ ተራው ለሌላዋ ይደርሳል፤ በመካከልና በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ ይዘፍናሉ። ክሎዊ ቡድኑ ውስጥ ሆናም በየምሽቱ ለብቻዋ ትዘፍን ነበር።

እንዲያውም ነገሩ ሲጀመር ቋሚ ቡድን የመመሥረት ሐሳብ አልነበረም። ደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሚገኘው ሄሊክስ አዳራሽ ለአንድ ምሽት የታሰበ ዝግጅት ነበር፤ የሙዚቃ ኃላፊው ዴቪድ ዳውንስ ነው። ሁሉን የቀየረው ቀረጻው በማርች 2005 ፒቢኤስ በተባለው የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን መተላለፉ ነው። የፒቢኤስ ጣቢያዎች ከተመልካች በሚያገኙት መዋጮ ጭምር ይተዳደራሉ፤ በመዋጮ ማሰባሰቢያ ሰሞን እንዲህ ያሉ ኮንሰርቶችን ደጋግመው ያሳያሉ፤ ገንዘብ ለሰጠም ሲዲና ትኬት በስጦታ ይልካሉ። ለሙዚቃ ቡድን ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? የአንድ ምሽቱ ዝግጅት ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር የዓመታት ሥራ ሆነ።

የግል ሥራን የሚያጣብበውም ይኸው ነው። ለወራት በጉዞ ላይ ያለ ሰው ስቱዲዮ የሚገባበት፣ አዲስ ዘፈን የሚያጠናበት ጊዜ ያጥረዋል። ሰው ጠብ ሲፈልግ ቀን መቁጠሪያውን ማየት ይረሳል።

«የዘፈነው ሰው የዘፈኑ ባለቤት ነው»

የግጥምና የዜማ ክፍያ የሚሄደው ለደራሲዎቹ ነው። የአየርላንድ ባህላዊ ዘፈን ሲሆን ደግሞ ዜማው የማንም አይደለም፤ መብት ሊያስገኝ የሚችለው አዲሱ ቅንብር ነው። ድምፅ ብቻ ይዞ መድረክ ላይ የሚቆም ሰው አንድ ቀን የራሴን ልምረጥ፣ የራሴን ላስቀናብር ቢል አልፈርድበትም።

«ትልቅ ስም ይዛ ስለወጣች መንገዱ ጨርቅ ሆነላት»

ይሄኛው አመለካከት ከሌላ ዓይነት ቡድን የተወሰደ ነው። አየርላንዳዊውን ዘፋኝ ሮናን ኪቲንግን እንውሰድ። በ1993 የተመሠረተውን ቦይዞን የተባለ የወንዶች የሙዚቃ ቡድን ሲቀላቀል 16 ዓመቱ ነበር። በ1999 ገና የቡድኑ አባል ሳለ ለብቻው ያወጣው ነጠላ ዜማ ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ ሆነ፤ በዓመቱ ቡድኑ ሥራ አቆመ። እኛ በደንብ የምናውቀው ቦብ ጌልዶፍም አለ። በ1984 ለኢትዮጵያ ረሃብ ዘፋኞችን ሲያሰባስብ ቡምታውን ራትስ የተባለው የአየርላንድ የሮክ ቡድን መሪ ድምፃዊ ነበር። ቡድኑ በ1986 ፈረሰ፤ የጌልዶፍን ስም ከሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስንቱ የቡድኑን ስም ያስታውሳል?

በእነዚህ ቡድኖች የዘፋኙ ስም ከቡድኑ ስም በላይ ገነነ። በሴልቲክ ውመን ግን ትኬቱን የሚሸጠው የቡድኑ ስም ነው፤ ተመልካቹ «ያቺ ትንሿ» ብሎ ክሎዊን ቢወዳትም አዳራሹን የሚሞላው ፖስተሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው ነው። ከቡድኑ የወጣች ድምፃዊት ያን ስም ጥላ ትወጣለች። የራሷን ታዳሚ አንድ በአንድ ትሰበስባለች፤ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

«የወጣ ተጣልቶ ነው፤ አይመለስም»

ሜቭ በ2007 ወጥታ በ2012 ተመልሳለች። ኦርላ ፋሎን በ2009 ወደ ግል ሥራዋ ሄደች። ሊሳ ኬሊ ደግሞ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ የድምፅ ማሠልጠኛ ከፈተች። ጠብ ፍለጋ የሚቆፍር ሰው እዚህ ብዙ አያገኝም።

«እሷ ስትሄድ ቡድኑ አለቀለት»

በ2013 የክሎዊን ቦታ የያዘችው የሰሜን አየርላንዷ የዴሪ ከተማ ልጅ ማሬድ ካርሊን ናት። በ2016 ማሬድ ነስቢት ስትለቅ ከአምስቱ መሥራቾች መድረክ ላይ የቀረች አልነበረችም። ሴልቲክ ውመን ግን በሌሎች ድምፆች፣ በዚያው ስም አሜሪካን መዞሩን ቀጠለ።