«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም»፦ የአባባሉ ትርጉም፣ አመጣጡና የዘመኑ አለቃ

ይህን አባባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከቤት ነው። ባል ሚስቱን በእንግዳ ፊት ዝቅ ሲያደርጋት፣ ወይም አባት ልጁን በጎረቤት ፊት «ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል» ሲለው፣ አጠገቡ ያለ ሽማግሌ «ተው እንጂ! ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላል። «ያቃለለውን» የሚሉ አሉ፤ «የናቀውን» የሚሉም አሉ። ሁሉም የሚሉት ያው ነው፤ የራስህን ሰው ራስህ ካዋረድከው ሌላው ያከብርልኛል ብለህ አትጠብቅ።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ነኝ፤ አባባሉ ትዝ የሚለኝም ቢሮ ስገባ ነው። «የክፍል ኃላፊዎቼ አቅም የላቸውም፤ ሠራተኛው አይሰማቸውም፤ ሁሉም ነገር እኔ ጋ ይመጣል» የሚል ሥራ አስኪያጅ ባገኘሁ ቁጥር፣ ነገሩን ትንሽ ስንቆፍረው፣ አሞሌውን ያቀለለው ብዙ ጊዜ ራሱ ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ ስለ አሞሌው እንነጋገር። አሞሌ ገንዘብ ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የጨው ሜዳ እየተፈነቀለ፣ በልክ እየተጠረበ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። መካከሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ፣ በእጅ የሚያዝ የጨው ዘንግ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጡት ፖርቱጋሎች ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲያገበያይ አይተዋል። ኋላ 1780 የሚል ቁጥር ያለበት የማሪያ ቴሬዛ ብር ሲገባ፣ ለትልቁ ግዢ ብሩ፣ ለዕለት ጉዳይ አሞሌው ጎን ለጎን አገለገሉ። አፄ ምኒልክ በስማቸው ያስመቱት ብር 1887 ዓ.ም የሚል ዘመን ተጽፎበት ከወጣ በኋላም ቢሆን አሞሌ ከገበያ ወዲያው አልጠፋም።

አባባሉ የተወለደው ከአሞሌ ጠባይ ነው። ብር መልክ አለው፣ ጽሑፍ አለው፤ ማኅተሙ ስለ ዋጋው ይናገርለታል። አሞሌ ግን ዋጋው አካሉ ራሱ ነው። ቢሸረፍ ይቀንሳል፤ ዝናብ ቢያገኘው ይሟሟል፤ ጫፉን ለወጥ ቆርሰው ቢጥሉበት ሙሉነቱ ያበቃል። በመንገድ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰር ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ መጠንም ዋጋው ስለሚጨምር ሩቅ አገር ያለ ባለቤት የበለጠ መጠንቀቅ ነበረበት። እንግዲህ በዝርክርክነት የያዘው ሰው ዕዳውን ሊከፍልበት ሲያወጣው፣ ተቀባዩ አገላብጦ አይቶ «ይሄማ ጎድሏል» ብሎ ይመልስለታል። በአባባሉ ውስጥ «ባለዕዳ» የተባለው ገንዘቡ የሚከፈለው ሰው ነው።

ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው። አባባሉ ተቀባዩን አይወቅስም። ሰውየው አሞሌውን አልሸረፈውም፣ አላረጠበውም፤ ቀልሎ የመጣለትን አልቀበልም አለ እንጂ። ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስናየው ደግሞ፣ የክፍል ኃላፊውን አልሰማም ያለውን ሠራተኛና ደንበኛ ከመክሰሳችን በፊት ኃላፊው እጃቸው ሲገባ ምን ያህል ክብደት ቀርቶት ነበር ብለን መጠየቅ አለብን።

አባባሉ የምሥራቁ ሥሪት አይደለም። ሐረር የራሷ ገንዘብ ነበራት፤ አሚሮቿ መሐለቅ ያስመቱ ነበር። አሞሌ በብዛት የዞረው በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ነው። ድሬዳዋ ግን በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች የመጤ ሰው ከተማ ናት፤ ሰው ከየአገሩ ሲመጣ ተረቱንም ይዞ መጥቷል። አሁንም ሰው መምጣቱን አላቆመም። አዲሱ የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጣናው ተከፈተ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። ትናንት ማሽን ላይ የነበረች ልጅ ዛሬ ሱፐርቫይዘር ናት፤ ትናንት ጭነት የሚቆጥር ልጅ ዛሬ የመጋዘን ኃላፊ ነው። እነዚህ ወጣቶች አለቃ መሆንን የሚማሩት ከላያቸው ያለው አለቃ ሲይዛቸው እያዩ ነው።

አንድ የማውቀውን ነገር ልንገራችሁ። ቦታው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። በስፌት መስመር ላይ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያልፈው፤ እጅጌ የምትሰፋዋ ከሌለች እጅጌ የምትገጥመዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። አንዲት ልጅ በተደጋጋሚ ታረፍዳለች። ሱፐርቫይዘሯ መከረቻት፣ ታገሠቻት፣ በመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻት። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣች፣ አለቀሰች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ልቡ ራራና ወረቀቱን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ለዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አላት። ልጅቷ ወርዳ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። ማንም ምንም አልተናገረም። መስመሩ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ግን ቀና ብለው ሱፐርቫይዘሯን አዩአት፤ እሷም ማየታቸውን አየች።

ከዚያ በኋላ ሱፐርቫይዘሯ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር አልጻፈችም። ሰው ሲጎድል ራሷ ማሽን ላይ ትቀመጣለች። የምርት ስብሰባ ላይ «ለምን ሰዎችሽን አታስተዳድሪም?» ተብላ የተጠየቀችውም እሷ ናት፤ ጠያቂው ደግሞ ያው ሥራ አስኪያጅ።

ያ መሳቢያ ውስጥ የገባ ወረቀት በሕግም ቢሆን ቀላል ወረቀት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሠራተኛን በማርፈድ ብቻ የመሰናበቻ ጊዜ ሳይሰጥ ወዲያው ለማሰናበት፣ ሠራተኛው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደና ስለዚሁ ችግሩ በጽሑፍ የተነገረው መሆን አለበት። ያ ጽሑፍ ለሠራተኛዋም መከላከያ ነው፤ በድንገት እንዳትባረር፣ ምን እንደተባለች እንድታውቅ፣ እንድታስተካክል ጊዜ ይሰጣታል። አለቃው በደግነት ሲውጠው ሁለቱንም ነው የጎዳው። ሱፐርቫይዘሯን ቃል አሳጣት፤ ልጅቷንም መብቷ ከሚታወቅበት ሥርዓት አውጥቶ የሰው ምሕረት ጠባቂ አደረጋት።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት? ልጅቷን መስማት ይገባው ነበር፤ በር መዝጋት መፍትሔ አይደለም። ሰምቷት «ጉዳይሽን ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር አየዋለሁ» ብሎ ይመልሳታል። ከዚያ ሱፐርቫይዘሯን ለብቻዋ ይጠራል፣ ምክንያቱን ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ካልነበረም ይህንኑ በግልጽ ይነግራታል፤ የሰጠችው እሷ ናትና መልሳ የምታነሣውም እሷ ትሁን። ልጅቷ ይቅርታውን ከሰጪዋ እጅ ትቀበላለች፤ ፍትሑም አይጎድል፣ ኃላፊዋም አትሸረፍ።

በር ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማቅለል አለ። ከጅቡቲ የመጣ ሾፌር መጋዘን በር ላይ ቆሟል፤ አንድ ወረቀት ጎድሎታል። የመጋዘን ኃላፊው «ሳይሟላ አላስወጣም» ይለዋል፤ ሥራው ነው። ሾፌሩ «አቦ ተወኝ! አንተን ማን ጠየቀህ፤ ሰውዬህ ጋ ልደውል» ብሎ ስልኩን ያወጣል፣ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ከወዲያ ማዶ የሚሰማው «ልቀቀው፣ ልቀቀው፣ ልጁ የኛው ነው» የሚል ነው። በሩ ይከፈታል። በማግሥቱ የሚመጣው ሾፌር የመጋዘን ኃላፊውን ሰላም እንኳ አይለውም፤ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። አለቃው ከዚያ በኋላ በድሬ ቀትር፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ስልኩ አላስተኛ ብሎት «ይሄ ሰውዬ አንዲት ነገር እንኳ መወሰን አይችልም?» ይላል። ሰውየውማ ወስኖ ነበር።

የቴሌግራሙን ግሩፕ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የክፍል ኃላፊው ከሚመራቸው ልጆች ጋር ባለበት ግሩፕ ውስጥ በምሽት «ይህ ሥራ ለምን አልደረሰም? እንቅልፍ ላይ ናችሁ?» ብሎ ስሙን ጠርቶ የሚጽፍ አለቃ፣ ጠዋት ያ ኃላፊ ልጆቹን ሰብስቦ ሲናገር በምን ዓይን እንደሚያዩት አላሰበም። ግምገማም እንዲሁ ነው። ሰውን በሰው ፊት ማረም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ በአደባባይ የተሠራ፣ የተጎዳውም ሰው እዚያው የተቀመጠ ከሆነ። ከዚያ ውጭ ያለው አብዛኛው ለብቻ ሊባል የሚችል ነው።

ከአዲስ አበባ ተመድበው የሚመጡ አለቆች ድሬ ላይ አንድ ነገር ሲያሳስታቸው አያለሁ። እዚህ ሰው ግልጽ ነው። «አንተ» ይላል፤ አለቃውን በስሙ ይጠራል፤ ያልመሰለውን ፊት ለፊት ይናገራል። አንዳንድ አዲስ መጪ ይህን ንቀት ያደርገውና ክብሩን ለማስመለስ «አንቱታ» በማስተማር ይጀምራል። እኔ እንደማየው ክብደቱ ያለው አጠራሩ ላይ አይደለም። «አንተ» እየተባለ ቃሉ መሬት የማይወድቅ ፎርማን ድሬ ውስጥ ሞልቷል፤ «እርስዎ» እየተባለ ትእዛዙ ከበሩ የማያልፍ ሥራ አስኪያጅም አለ። ልዩነቱ የመጀመሪያው ያለውን ነገር ከላይ ሆኖ የሚያፈርስበት ሰው አለመኖሩ ነው።

አባባሉን ያለ ቦታው የሚጠቀሙበትም አሉ፤ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ባለጉዳይ «ይህ ሠራተኛችሁ ሰድቦኛል፣ አመላልሶኛል፣ ጉቦ ጠይቆኛል» ሲል «የራሳችንን ሰው አናቀልም» ብሎ አቤቱታውን የሚያፍን አለቃ አሞሌውን አልጠበቀም። የጎደለ አሞሌ ሙሉ ነው ብሎ ሊከፍል ነው የፈለገው። አባባሉ ስለ ጥንቃቄ እንጂ ስለ መሸፈን አይናገርም። ባለጉዳዩ ተበድሎ ከሆነ ይካሳል፤ ሠራተኛው አጥፍቶ ከሆነ ይጠየቃል። ሠራተኛውን ራሱን ጠርቶ «ሂድና አስተካክልላቸው፤ ይቅርታም ጠይቃቸው» ማለት ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ጉዳይ ይዘጋል፤ ጉቦ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ሕግ ይሄዳል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ከሚለው ጋር የሚያምታቱትም አሉ፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። አጥሩ ላይ ንቀቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ባለቤቱን የናቀ አጥሩን ይነቀንቃል። በአሞሌው ግን ማቅለሉ የሚጀምረው ከቤት ነው። የመሥሪያ ቤት አለቆች የአጥሩን መጥቀስ ይወዳሉ፤ ጥፋቱን ውጭ ላይ ስለሚያደርግላቸው።

ይህን ሁሉ በቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ላይ ብቻ መጫን ደግሞ ግፍ ይሆናል። እነሱም የሌላ ሰው አሞሌ ናቸው። ድሬ ካሉት ድርጅቶች ብዙዎቹ ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «የትራንስፖርት አበሉ ከሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» ይላል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ፈቅዶለት ነው የተናገረው። ወሩ ሲደርስ «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ለዚያውም ግልባጩ ለሠራተኛ ማኅበሩ። ከዚያ በኋላ ሰውየው የሚናገረው እውነት እንኳ ቢሆን ሠራተኛው «አዲስ አበባ ምን አለ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ጨው ከሜዳው በራቀ ቁጥር ጥንቃቄ ይፈልጋል ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የራቀ ኃላፊ ዋናው መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ካለው ይልቅ ቃሉ እንዲጠበቅለት ያስፈልጋል፤ ሲሸረፍ ወዲያው ደርሶ የሚያስረዳለት የለምና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም «የሥራ መሪ» የሚለውን በማዕረግ ስሙ አይለየውም። በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን የተሰጠውን ሰው ነው የሚያየው፤ የሥራ መሪን ውልም ከአዋጁ ሽፋን ውጭ ያደርገዋል። በር ላይ የተለጠፈ ስም ብቻ ያለው ኃላፊ እንግዲህ ሥልጣኑንም አላገኘም፤ «አዋጁ ይሸፍነዋል ወይስ የሥራ መሪ ነው?» በሚለውም መብቱ ሊያከራክር ይችላል።

ስለዚህ ለቅርንጫፍም ሆነ ለክፍል ኃላፊነት የምትመደቡ ልጆች፣ ሹመቱን ከመቀበላችሁ በፊት የውክልና ደብዳቤ ጠይቁ። እስከ ስንት ብር ድረስ ራሳችሁ ታጸድቃላችሁ? ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስትሰጡ የይግባኙ መንገድ በየት በኩል ነው? ውሳኔያችሁ የሚለወጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚነገረው ለማን ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ደብዳቤዎች ላይ የለችም፤ እንድትጻፍላችሁ ጠይቁ። አለቃችሁ «ይሄ ምን ያስፈልጋል፣ እንተማመናለን» ካላችሁ፣ መተማመኑን በአንድ ገጽ ላይ ፈርሞ እንዲሰጣችሁ በትሕትና ደግማችሁ ጠይቁት።