ከከባድ የቫይረስ ሕመም በኋላ የሚዘልቅ የሳንባ ጉዳት

እንደ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ-19 ያሉ ሕመሞች ጠንተው ወደ ሳንባ ምች ሲደርሱ፣ ቫይረሱ ከሰውነት ከጠፋም በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚዘልቅ ጉዳት ሊተዉ ይችላሉ። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው በመተንፈሻ መሣሪያ የታገዙትን ነው።

የጉዳቱ መነሻ ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ናቸው። ከረጢቶቹን ከውስጥ የሸፈኑት ስስ ሕዋሳት ሲሞቱ፣ ሁለተኛው ዓይነት የሚባሉት ሕዋሳት ተባዝተው ይተኳቸዋል፤ ከረጢቶቹ እንዳይከደኑ የሚያደርገውን ፈሳሽ የሚያመነጩትም እነዚሁ ናቸው። ቫይረሱ እነሱንም ካጠፋ ወይም በሕመሙ የተነሣው ብግነት (የሕዋሳቱ መቆጣት) ቶሎ ካልበረደ ግን በግድግዳው ላይ ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ፕሮቲን እየተከማቸ ጠባሳ ይፈጠራል፤ ሳንባውም ይደድርና እንደ ልብ መለጠጥ ያቅተዋል። በሕፃናት ላይ መልኩ ይለያል፤ ከባድ የአዴኖቫይረስ ሕመም ትናንሾቹን የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ ሊያጠብብ ወይም ሊዘጋ ይችላል።

የመተንፈሻ መሣሪያው ራሱ ሳንባን ከልክ በላይ ሲነፋ ጉዳቱን ያባብሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ በአንድ ትንፋሽ የሚሰጠው አየር ከቁመት በሚሰላ ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ12 ይልቅ 6 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ የሟቾች ድርሻ ከ40 ወደ 31 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ ካሳየ ወዲህ አነስ ያለ አየር መስጠት የተለመደ ሆኗል።

በምርመራ ረገድ ተራው የትንፋሽ መለኪያ ሊያዘናጋ ይችላል፤ ውጤቱ ጤናማ ሆኖ ሳለ የጋዝ ልውውጡ የተጓደለባቸው ብዙዎች ናቸውና። ይህን ለመለየት ታካሚው እጅግ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት አየር ስቦ ለ10 ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲያስወጣም ምን ያህሉ ወደ ደም እንደተሻገረ ይሰላል። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ተደርጎለት ለ6 ደቂቃ እንዲራመድ ማድረግም፣ ተቀምጦ ሳለ የማይታየውን ጉድለት ያጋልጣል።

በሲቲ ስካን የሚታየው ጭጋግ በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይገፈፋል፤ የኮቪድ-19 ዘመድ ከሆነው ከሳርስ የተረፉ ሰዎች ክትትልም ዋናው መሻሻል በመጀመሪያው ዓመት እንደሚመጣ አሳይቷል። ስለዚህ ታካሚው ከሆስፒታል በወጣ በሳምንታት ውስጥ በተነሣ ምስል ብቻ «ቋሚ ጠባሳ ነው» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ትንፋሽ ማጠርም ሁልጊዜ ከሳንባ ጠባሳ አይመጣም፤ ለረጅም ጊዜ ከመተኛት የመጣ የጡንቻ መሟሸሽ፣ የልብ ችግር ወይም ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሕክምናው በዋናነት በባለሙያ የሚመራ የአተነፋፈስና የአካል እንቅስቃሴ ልምምድ ሲሆን፣ ኦክስጅን የሚያንሳቸው በቤታቸው ይሰጣቸዋል። ብግነት አብራጁ መድኃኒት ስቴሮይድ የሚጠቅመው ብግነቱ ላልበረደላቸው የተወሰኑ ታካሚዎች ነው፤ የቆየ ጠባሳን ግን አይፈታም። ሳንባቸው ከማገገም ላለፈ ጥቂቶች የሳንባ ንቅለ ተከላ ተደርጓል።