የሙቀት ዝውውርና የአየር እንቅስቃሴ በከባቢ አየር ውስጥ

ከባቢ አየር ምድርን የሸፈነ የጋዞች ንብርብር ነው። ደመና የሚቋጠርበት፣ ዝናብ የሚወርድበትና ነፋስ የሚነፍስበት የታችኛው ክፍሉ ትሮፖስፌር ይባላል፤ ቁመቱ በዋልታዎች አካባቢ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በምድር ወገብ ላይ ደግሞ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመላው አየር ክብደት ሦስት አራተኛው ያህል እዚህ ይገኛል፤ የውሃ ተኑማ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚሁ ነው። ይህ ክፍል አንዴም አርፎ አያውቅም፤ ምክንያቱም ሙቀቱ በአብዛኛው የሚገባው ከሥሩ፣ የሚወጣው ግን ከአናቱ ነው። አየር ደግሞ ሙቀትን ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል አይሆንለትም፤ ራሱ ተሸክሞት ይጓዛል እንጂ።

መጀመሪያ የሚሞቀው መሬቱ ነው

ከፀሐይ የሚመጣው ጨረር የከባቢ አየርን ጫፍ ሲመታ በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ያህል ነው። ሌሊቱና የምድር ክብነት ታስቦ ለመላው ገጽ ሲካፈል 340 ዋት ግድም ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ ከደመና፣ ከበረዶና ከመሬት ነጥሮ ወደ ጠፈር ይመለሳል። አየሩ ራሱ የሚያስቀረው ሩብ እንኳ አይሞላም። የቀረው፣ ግማሽ የሚጠጋው ማለት ነው፣ የብስና ባሕር ላይ ያርፋል። አየሩ እንግዲህ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ በቀጥታ ሳይሆን ከመሬቱ ተበድሮ ነው።

የሞቀው ገጽ ከሙቀቱ አንዱን ክፍል መልሶ የሚሰደው ዓይን በማያየው የታህተ ቀይ ጨረር ነው። ለፀሐይ ብርሃን መንገድ የከፈተው አየር ይህን ጨረር ግን በቀላሉ አያሳልፍም። ከባቢ አየር ምድርን እንደሚያሞቃት ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉሪዬ እ.ኤ.አ. በ1824 ጽፎ ነበር። ጨረሩን የሚይዙት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሳይሆኑ የውሃ ተንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን የመሰሉ በመጠን ጥቂት የሆኑ ጋዞች መሆናቸውን ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንደል ከ1859 ጀምሮ በቤተ ሙከራ አሳየ። እነዚህ ጋዞች ባይኖሩና ምድር የምታንጸባርቀው ብርሃን ባይለወጥ ኖሮ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ነበር፤ ያለው ግን ከዜሮ በላይ 15 ዲግሪ ገደማ ነው።

የአየር ስንፍና

ሙቀት በሦስት መንገድ ይተላለፋል፦ በጨረር፣ በንክኪና በፍሰት። በንክኪ በኩል አየር እጅግ ሰነፍ ነው። ላባ፣ ሱፍና ድርብ መስታወት ከብርድ የሚከላከሉት በውስጣቸው የታሰረው አየር ሙቀት ስለማያሳልፍ ነው። መሬቱን የነካው ስስ ሽፋን ወዲያው ይሞቃል፤ በንክኪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን የቀትር ሙቀት ጥቂት ሜትር እንኳ ሳይወጣ ይመሽ ነበር።

ይህን የሚተካው ፍሰት ነው። የሞቀ አየር ይሰፋል፣ ከጎረቤቱ ይቀላል፣ ሽቅብ ይነሳል፤ በቦታው ቀዝቃዛው ይወርዳል። አሞራዎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ የሚሉት፣ ሞተር አልባ አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎችም ሲያስሱት የሚውሉት ይህንኑ ነው።

ወደ ላይ የወጣ አየር የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ለመስፋት የሚያወጣው ጉልበት ከገዛ ሙቀቱ ስለሚቀነስ ይቀዘቅዛል። ደመና ያልቋጠረ አየር በየኪሎ ሜትሩ 9.8 ዲግሪ ያጣል፤ ሲወርድም ያንኑ ያህል ይሞቃል። ተራራ ተሻግሮ ቁልቁል የሚነፍስ ነፋስ ብዙ ጊዜ ደረቅና ሞቃት የሚሆነው ለዚህ ነው። «ከፍታ የሚበርደው ከመሬት ስለሚርቅ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ በእኔ እይታ ግማሽ መልስ ነው፤ ሰፊ አምባም እኮ መሬት ነው! የመስፋቱን ነገር ሳያነሱ ብርዱን ማስረዳት አይቻልም።

ፍሰቱ የሚቆምበት ጊዜም አለ። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሰዶ ሲቀዘቅዝ የነካውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ከባዱ አየር ከታች ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። እንዲህ በተገለበጠ ንብርብር ውስጥ ጢስ መውጫ ያጣል። በታኅሣሥ ወር 1952 ለንደን ላይ ለአምስት ቀን የቆየው የጢስና የጭጋግ ድብልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የገደለው በእንዲህ ያለ ክዳን ሥር ታፍኖ ነው።

ውሃ የደበቀው ሙቀት

አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለመትነን 2.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይፈልጋል፤ ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ተኑ ይህን ሙቀት ደብቆ ይወጣል፣ ደመና ሆኖ ሲቋጠርም ይለቀዋል። በፍሰት ከመሬትና ከባሕር ወደ አየሩ ከሚወጣው ሙቀት አብዛኛው የሚጓዘው በዚህ መልክ ነው። የተለቀቀው ሙቀት የሚወጣውን አየር ቅዝቃዜ ስለሚያዘገየው፣ ደመና የቋጠረ አየር ከአካባቢው ሞቆ ይቆያልና መውጣቱን ይቀጥላል። መብረቃም ደመና እንደ ግንብ የሚቆመው በዚሁ ጉልበት ነው። በሐሩር ባሕሮች ላይ የሚነሱ ታላላቅ ዐውሎ ነፋሶችም የውሃው ሙቀት 26 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ካልሆነ እምብዛም አይወለዱም።

ከወገብ ወደ ዋልታ

ነፋስ ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ግፊት የሚሄድ አየር ነው፤ የግፊቱ ልዩነት ሥሩ ብዙውን ጊዜ የሙቀት ልዩነት ነው። በባሕር ዳርቻ ቀን ቀን የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፤ ሌሊት ይገለበጣል።

ይኸው ነገር በምድር ልክ ሲታይ ይወሳሰባል። ምድር ወገብ ከሚያወጣው በላይ ሙቀት ይቀበላል፤ ዋልታዎች ከሚቀበሉት በላይ ያወጣሉ። ልዩነቱን አየርና ውቅያኖስ ተካፍለው ያጓጉዙታል። በ1735 ጆርጅ ሃድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ባለሙያ፣ አየር በምድር ወገብ ላይ ወጥቶ በከፍታ ወደ ዋልታዎች እንደሚሄድና በታች በኩል እንደሚመለስ፣ በምድር መሽከርከር ምክንያትም ተመላሹ ነፋስ ከምሥራቅ የሚነፍስ እንደሚሆን ጻፈ። ሐሳቡ መሠረቱ ትክክል ነበር፤ ዑደቱ ዋልታ ድረስ አለመዝለቁ ግን ኋላ ታወቀ። መሽከርከሩ ጉዞውን ያጣምመዋል፦ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡብ ወደ ግራ። አየሩ 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ሲደርስ ይወርዳል፤ ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ብዙዎቹ የዓለም ታላላቅ በረሃዎች በዚህ መስመር አካባቢ መሰለፋቸው በአጋጣሚ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን የመካከለኛ ኬክሮስ ዑደት በ1856 የገለጸው አሜሪካዊው ዊሊያም ፌሬል ነው።

ቀዝቃዛና ሞቃት አየር በሚገናኙበት ድንበር ላይ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ጀት ስትሪም የሚባለው ጠባብና ፈጣን ነፋስ ይምዘገዘጋል፤ አንዳንዴ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦኢሺ ይህን ነፋስ በ1920ዎቹ በፊኛ ለክቶ ሪፖርቱን ያሳተመው ለዓለም አቀፍ መግባቢያነት ታስቦ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነበር። ዓለም እንዲያነበው አስቦ ነው፤ ያነበበው ግን እምብዛም አልነበረም።

ክዳኑ

ፈረንሳዊው ሊዮን ቴስራን ደ ቦር ከሁለት መቶ በላይ ፊኛዎችን ከላከ በኋላ በ1902 ያስታወቀው ነገር ያልተጠበቀ ነበር፦ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሙቀቱ መቀነሱን ያቆማል። ስትራቶስፌር የተባለው ይህ ንብርብር ሙቀት የሚያገኘው ከሥሩ ሳይሆን ከራሱ ከውስጡ ነው፤ ኦዞን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ይይዛልና። ሞቃቱ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ስለሆነ ሽቅብ ፍሰት የለም ማለት ይቻላል። የመብረቃም ደመና አናት እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የሚታየው እዚህ ክዳን ሲደርስ ወደ ጎን ስለሚፈስ ነው።

ይህን ክዳን ሰብሮ ያለፈ ነገር በቶሎ አይወርድም። በሰኔ 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ የፈነዳው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ወደ ስትራቶስፌር የወረወረው የሰልፈር ጋዝ ወደ ጥቃቅን ጠብታነት ተለውጦ፣ የሚያጥበው ዝናብ ስላልነበረ፣ ከአንድ ዓመት በላይ እዚያው ቆየ፤ በ1992 የምድር አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀንሶ ነበር።